ስለ ምጣድና ስለ ቮልት

በበዓል ዋዜማ ምሽት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ ብዙ እመቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን በአንድ ሰዓት ይጥዳሉ። ያን ጊዜ አምፖሉ ይፈዝዛል፤ ምጣዱ ግለት ያጣል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሊጡን ባቦካችው ልጅ ላይ ነው። «አብሲቱን አላወቅሽበትም» ትባላለች። እኛም በዚህ ወር ዓምዳችን ለዚህች ልጅ ጠበቃ ሆነን አጭር ሒሳብ ልናቀርብ ወደድን።

ቮልት ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚነዳው ግፊት ነው፤ አምፔር የሚያልፈው ፍሰት መጠን ነው፤ ኦም ደግሞ ሽቦው ለፍሰቱ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ባለሙያዎች ተቃውሞውን ሬዚስታንስ ይሉታል። ቮልቱን ለአምፔሩ ብናካፍል ኦሙን፣ ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛ ኃይሉን በዋት እናገኛለን። የመጀመሪያውን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው ጀርመናዊው ጌዎርግ ሲሞን ኦም የትምህርት ቤት መምህር ነበርና፣ ስሙን ስንጠራ እኛ መምህራን ጥቂት ደስ ይለናል።

እንግዲህ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ እንውሰድ። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ነው፤ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። መንደሩ ሁሉ በአንድነት ሲጥድ ግን በመስመሩ የሚያልፈው ፍሰት ስለሚበዛ፣ ከግፊቱ ከፊሉ በመንገድ ይቀራል። ቤት የደረሰው 165 ቮልት ነው እንበል። የምጣዱ ኦም ከሞላ ጎደል አይለወጥም። ስለዚህ 165 ለ13.75 ሲካፈል 12 አምፔር፣ 165 በ12 ሲባዛ 1,980 ዋት ይሆናል። ውድ አንባብያን ልብ ይበሉልን፤ ቮልቱ የቀነሰው ሩቡን ብቻ ሲሆን፣ ኃይሉ ግን ወደ ግማሽ ቀርቧል፤ ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮት ይወርዳልና። በዚህ ምጣድ ላይ የትኛዋም ባለሙያ ብትቆም እንጀራው ዓይን አያወጣላትም። የሚሻለው ምጣዱን አብዝቶ ማጋል፣ ወይም ጎረቤት ሳይነሣ በሌሊት መጋገር ነው።

ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። በእነዚህ ከተሞች አዳዲስ ቤቶች በየጊዜው ስለሚሠሩ፣ ቆጣሪ ያልገባለት ቤተሰብ ከጎረቤት ግቢ በቀጭን ሽቦ መብራት ስቦ ምጣድ ሲጥድ እናያለን። ጎረቤት ለጎረቤት ማካፈሉ መልካም ነው፤ ሽቦው ግን ጉርብትና አያውቅም። አንድ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 28 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ተቃውሞው 1 ኦም ያህል ነው። 12 አምፔር ሲያልፍበት 12 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 12 በ12 ሲባዛ 144 ዋት ነው፤ ይህም ሁሉ በሽቦው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ሽቦው በአየር ላይ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ተጠቅልሎ በፍራሽ ሥር ካለፈ ግን ልባሱ ይቀልጣል። የላላ ቋጠሮ ካለበት ደግሞ ተቃውሞው በዚያች ነጥብ ይከማቻልና፣ እሳት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። ፊውዙም አያድንም፤ 12 አምፔርን እንደ ጤነኛ ፍሰት ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

ከግልገል ጊቤ 2 ማመንጫ ወደ ሰበታ የሚመጣው መስመር 400,000 ቮልት የሚሸከመውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ ለዚያው ኃይል የሚበቃው አምፔር ያንሳል፤ በመንገድ የሚባክነውም እንዲሁ። በቤታችን ግን ቮልቱን ማብዛት አንችልም፤ የምንችለው ሽቦውን ማወፈር ነው። ያው 28 ሜትር በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጋ ተቃውሞው ሩብ ኦም፣ ብክነቱም 36 ዋት ይሆናል። ቋጠሮውን ግን ባለሙያ ይሥራው።