ርካሽ ጉልበት የማይሸፍነው ኪሳራ

የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ለውጭ ባለሀብት ሲተዋወቁ ከፊት ይቀርብ የነበረው የጉልበት ርካሽነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ስሌት የልብስ ገበያን ጠባይ ዘንግቷል። ገዢው በየወቅቱ ኮሌታውን፣ ኪሱን፣ ጨርቁን ይለውጣል፤ የአንዱ ትዕዛዝ መጠን እያነሰ ዓይነቱ እየበዛ ይሄዳል።

ለአብነት 40 ሠራተኞች ያሉት የስፌት መስመር ይወሰድ። ዲዛይን በተለወጠ ቁጥር ማሽኑ እስኪደረደር፣ ክሩ እስኪቀየር፣ እጅም አዲሱን ሥራ እስኪላመድ 4 ሰዓት ቢያልፍ 160 የሥራ ሰዓት ባከነ ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት እየተሠራ አንዱ ዲዛይን 20 ቀን ከቆየ ብክነቱ ከመቶ 2.5 ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። 2 ቀን ብቻ ከቆየ ግን የጊዜውን ሩብ ይበላል። ደመወዝን ዝቅ ማድረግ ይህን ሰዓት አይመልስም። እንዲያውም ያባብሰዋል፦ በ26 ዶላር ኑሮውን መግፋት ያቃተው ሠራተኛ ሥራውን ለቆ ሲሄድ፣ ከዲዛይን ወደ ዲዛይን በፍጥነት የመሸጋገር ልምዱም አብሮት ይሄዳል።

ጃፓኖች ይህን ችግር የፈቱት በርካሽ ጉልበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶዮታ የአንድ ባለ 1,000 ቶን ፕሬስ ማሽን የቅርጽ ማውጫ ለመለወጥ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር። መሐንዲሱ ሺጌዮ ሺንጎ ማሽኑ ሲቆም ብቻ የሚሠራውን ሥራ፣ ማሽኑ እየሠራ ሊዘጋጅ ከሚችለው ለየው። ጊዜው በመጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ቀጥሎም ወደ 3 ደቂቃ ወረደ።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት አልተነፈገችም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። ይሁን እንጂ ካይዘን በአደባባይ ሲወደስ ጎልቶ የሚታየው የጸዳ ወለልና በቀለም የተሰመረ መተላለፊያ ነው (ወለል ማጽዳት በእርግጥ ለፎቶግራፍ ይመቻል)።

የፓርኮቹን መዳከም ሁሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ለተቋረጠው የአጎአ ዕድል የሚሰጡ ተከራካሪዎች አሉ። ጦርነቱም ሆነ የዕድሉ መቋረጥ ያስከተሉት ጉዳት አይካድም። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ መሆን የአሜሪካን በር ይከፍታል እንጂ በሐዋሳ የቆመውን መስመር አያፈጥነውም። አጎአን ለማስመለስ የሚደክሙ የዲያስፖራ ባለሙያዎች መንግሥትን ሌላም ነገር ይጠይቁት፦ ከሥራ ዕድል ቁጥርና ከኤክስፖርት ገቢ ጎን፣ አንድ መስመር ከዲዛይን ወደ ዲዛይን ለመሸጋገር የሚፈጅበት ሰዓት በየፓርኩ ይለካ፤ በየሩብ ዓመቱም ይፋ ይሁን።