በገና ቀን ማዕድ አትግፉ



ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በኅብረታችን አንድ ክርክር ይነሳል። መሃል ከተማ ወጥታችሁ እዩ። ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ሐዋሳን ሳይለቅ በየሱቁ ደጃፍ የፕላስቲክ ጥድ ይቆማል። በረዶ በማታውቅ ከተማ ጥጥ ይበተንበታል። ይህን ያየ አንድ ወንድም ወደ ኅብረቱ መጥቶ «ገና አረማዊ ነው፤ ክርስቲያን አያከብረውም» ይለናል።

እኔም እንዲህ ባይ ነበርኩ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለበዓሉ አያቴ ቤት ገባሁ። አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመው፣ ዶሮውን ሠርተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁኝ። እኔ ግን «ይህ በዓል በመጽሐፍ ቅዱስ የለም» ብዬ ማዕዱን ገፋሁ። አያቴ ምንም አልመለሱም። ድርሻዬን በሳህን ከድነው አስቀመጡልኝ። ከወራት በኋላ ስለ ጌታ ልነግራቸው ስጀምር «ብላ ስልህ እንቢ ያልከኝ በእሱ ስም አይደለም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ክርክሩን እንየው።

«ቀኑ የፀሐይ አምላክ በዓል ነበር» ትላላችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ354 በሮም የተዘጋጀ መዝገብ ዲሴምበር 25ን የክርስቶስ ልደት ይለዋል፤ የፀሐይ በዓልም በዚያው ቀን ተጽፏል። ማን ከማን እንደወሰደ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ጣዖት ወስዶት ቢሆንስ? እንግሊዞች እሑድን የሚጠሩበት ስም የፀሐይ ቀን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከእሑድ አምልኮ የቀረ ከእናንተ ማን አለ?

«ትክክለኛው የእነሱ ነው፣ የእኛ ነው» የሚለው ሙግትም ከንቱ ነው። ታኅሣሥ 29 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። የ13 ቀኑ ልዩነት የአቆጣጠር እንጂ የእምነት አይደለም።

«ኤርምያስ 10 የገናን ዛፍ ይከለክላል» የምትሉም ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ነቢዩ የሚናገረው ከእንጨት ተጠርቦ ስለሚመለክ ጣዖት ነው። ጥጡን እኔም አልወደውም፤ ግን ያልተጻፈውን አላስነብበውም።

«እግዚአብሔር አላዘዘም» ለምትሉ፣ እውነት ነው፣ አላዘዘም። የመቅደስ መታደስ በዓልንም በሙሴ ሕግ አላዘዘም። ዮሐንስ 10፥22-23 ግን ጌታ በዚያ በዓል በመቅደስ እንደነበረ ይነግረናል። በማሳቹሴትስ የነበሩ ፒዩሪታኖች በ1659 ገናን የሚያከብር 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጡ። በ1681 ሕጉ ተሻረ። ጳውሎስ ግን በሮሜ 14 ቀን የሚያከብረውንም የማያከብረውንም ለጌታ ተወው፤ የከለከለው በወንድም ላይ መፍረድን ነው።

ለቅርጫ ተበድሮ ጥር ላይ የቤት ኪራይ የሚያጣውን፣ ልደቱን በመጠጥ የሚያሳልፈውን ገሥጹ፤ አብሬያችሁ እገሥጻለሁ። ኅሊናችሁ ካልፈቀደም አታክብሩ፤ የሚያስገድዳችሁ የለም። ነገር ግን በ1 ቆሮንቶስ 10፥27 ጳውሎስ ያላመነ ሰው ቢጠራችሁ እንኳ የቀረበውን ብሉ ይላል። ከኅዳር ጀምራ ጾማ የጠበቀችን እናትማ እንዴት አድርገን እንገፋለን?

ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምንሰብክ እኛ ነን። እሱ ከሰማይ ወርዶ ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀመጠ። እኛ ከአያታችን ጋር ለመቀመጥ የታሪክ ማስረጃ እንጠይቃለን።

አያቴ ዛሬ የሉም፤ ያ የተከደነ ሳህን ግን ከልቤ አልወጣም። የእናንተ አያት ካሉ፣ ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 በጠዋት ሂዱ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ባርኩና ብሉ። ከዚያ ልደቱ የማን እንደሆነ ስትነግሯቸው ይሰሟችሁ ይሆናል።

ጌታ ይባርካችሁ።