መንገድ የለወጠው ቀለም

ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ ገና ሳይቀመጥ ከእናቶቻችን አፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል «ምነው እንዲህ ጠቆርህ?» ወይም «ምነው ገረጣህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ መልክ ይምሰል እንጂ ስለ መንገዱ ነው፤ ምን በላህ፣ የት አደርህ፣ ምን አገኘህ ማለት ነው። መልክ የመንገድ ምስክር መሆኑን ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። ይህንኑ የቆየ ጥያቄ ዛሬ አንደበት ለሌለው፣ እግርም ለሌለው፣ ሆኖም ከአህጉር ወደ አህጉር በአውሮፕላን ለሚጓዝ ፍጥረት ላቀርብ ወድጃለሁ። ፍጥረቱ ኮራል ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ኮራልን አንዳንዶቻችን ዛጎል እንለዋለን። ዛጎል ግን ነዋሪው ትቶት የሄደ ቤት ነው፤ በኮራል ዘንድ ነዋሪውም ቤቱም አብረው አሉ። ምጽዋን ያየ ሰው የአሮጌዋን ከተማ ቤቶች ያስታውስ፤ የተገነቡበት የኮራል ድንጋይ አንድ ጊዜ የሕያዋን አጽም ነበር። በሕይወት ሳለ በዚያ የኖራ አጽም ላይ አፍና እንደ ጣት የሚዘረጉ ክንዶች ያሏቸው እልፍ ጥቃቅን እንስሳት በስስ ሥጋ ተያይዘው ይኖራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ ዐይን የማያያቸው ወርቃማ ቡናማ አልጌዎች ተጠልለዋል፤ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ሚሊዮን ያህሉ ይገኛሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩትም አብዛኛውን ለአሳዳሪያቸው ያካፍላሉ። እንግዲህ የኮራል ቀለም ምንጩ ሁለት ነው። ቡናማው የተከራዮቹ ሲሆን፣ አረንጓዴው፣ ሐምራዊው፣ ቀዩና ሰማያዊው ግን በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች የሚገኝ ነው።

እኔ ባሕር በሌለበት ደጋ ያደግሁ፣ ኑሮዬን በአሜሪካ ያደረግሁ ሰው ነኝ። በሳሎኔ ውስጥ ጨዋማ ውኃ የሞላበት የመስታወት ገንዳ ካቆምሁ ዓመታት አልፈዋል። ለቡና የሚመጡ ወዳጆቼ ገንዳውን ሲያዩ «ይህ ድንጋይ ነው ወይስ አበባ?» ይሉኛል፤ አስከትለውም «ስንት ገዛኸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ያለው በቀለሙ ላይ ነው። አንድ ቡናማ ቁራጭ በጥቂት ዶላር ሲሸጥ፣ የዚያው ዝርያ ሐምራዊና አረንጓዴ የሆነው የብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም ቀለምን እንደ ዋጋ ወረቀት ያነባሉ። የእኔ ክርክር ከዚህ ንባብ ጋር ነው። ከጉዞ በኋላ የሚታየው ቀለም ኮራሉ ስለ መንገዱ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ቃሉን አጣምሞ የተረጎመ ሰው እንስሳውን እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል።

መንገዱን እንመልከት። ከኢንዶኔዥያ ወይም ከአውስትራሊያ የሚነሣ ኮራል ጥቂት የባሕር ውኃና አየር ባለበት የፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ በፎም ሣጥን ታሽጎ፣ በጨለማ ይጓዛል። ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ሲተላለፍም እንደገና ይታሸጋል። ብርሃን ሲጠፋ አልጌዎቹ ምግብና ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ እነርሱም ሆኑ ኮራሉ መተንፈሳቸውን ግን አያቆሙም። ስለዚህ በከረጢቱ ውስጥ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ውኃውም ወደ አሲድነት ያዘነብላል። የተጨነቀው እንስሳ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከፈሳሹና ከቆሻሻው አሞንያ ይፈጠራል። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆን ውኃ የለመደ አካል፣ በክረምት በአንድ የአውሮፕላን ጣቢያ መጋዘን ሲያድር የሚደርስበትን መገመት አያዳግትም። ከረጢቱ ሲከፈትም ሌላ አደጋ አለ። ታምቆ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የውኃው አሲድነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ እምብዛም የማይጎዳው አሞንያ ወደ መርዛማ ጠባዩ ይለወጣል። መድረስ እንደ መሄድ አስጊ የሚሆንበት መንገድ ነው።

የዚህ ሁሉ ድምር በመልኩ ላይ ይጻፋል። ጽሕፈቱን በሦስት እከፍለዋለሁ።

የመጀመሪያው መጠቆር፣ በትክክል ለመናገር ቡናማ መሆን ነው። ሐምራዊ ሆኖ የተነሣው ኮራል ከደረሰ ከሳምንታት በኋላ የቡና አተላ ይመስላል። ገዢው «ተታለልሁ» ይላል። ኮራል የራሱን ቀለም በብዛት የሚሠራው ብርሃን ሲበረታበት፣ በተለይም የብርሃኑ ሰማያዊ ክፍል ሲያይልበት ነው። ከጠራራው የሐሩር ባሕር ወጥቶ ደብዛዛ መብራት ሥር ሲገባ ያን ቀለም መሥራቱን ይቀንሳል፤ አልጌዎቹ በበኩላቸው ያችኑ ጥቂት ብርሃን ለመሰብሰብ ክሎሮፊላቸውን ያበዛሉ። ውኃው ናይትሬትና ፎስፌት ከበዛበት ደግሞ ቁጥራቸው ይጨምራል። ይህ ቡናማ መልክ ሞትን አያመለክትም። አዲስ አገር የገባ ሰው የክቱን ልብስ አስቀምጦ የሥራ ልብሱን እንደሚለብሰው ያለ ነው።

ሁለተኛው መንጣት ነው። ሙቀት፣ ብርድ ወይም ድንገተኛ ብርሃን ሲያስጨንቀው ኮራሉና አልጌዎቹ ይለያያሉ። ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሞት ይቆጥረዋል። የነጣ ኮራል ግን ተርቧል እንጂ አልሞተም፤ ቀርቦ የተመለከተው ሰው ስሱን ሥጋና የሚንቀሳቀሱትን ክንዶች ያያል። ሥጋው ከአጽሙ እየተላጠ ሲወርድ ነው ነገሩ ሌላ የሚሆነው። የሁለቱን ልዩነት የማይለይ ዐይን በሕይወት ያለውን ወደ ቆሻሻ ይጥላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በደግነት የሚደርሰው ጥፋት ነው። ሁለት ቀን በጨለማ የቆየውን እንግዳ «ይፍካ» ብለው በሙሉ መብራት ሥር ያኖሩታል። የደከመው አካል ያን ብርሃን መሸከም ስለማይችል፣ ከመንገዱ የተረፈው በአቀባበሉ ይነጣል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ መድመቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የርግ ቪደንማንና ባልደረቦቻቸው፣ አንዳንድ ኮራሎች አልጌዎቻቸውን ካጡ በኋላ በመንጣት ፈንታ በደማቅ ኅብረ ቀለም የሚያበሩበትን ምክንያት ገለጡ። አልጌዎቹ ሲለቁ ብርሃኑን የሚጠጣው ይጠፋል፤ ብርሃኑም ከነጩ አጽም ላይ እየተንጸባረቀ ሥጋውን ያጥለቀልቀዋል። ይህ ኮራሉን ብዙ ቀለም እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ የተሠራው ቀለምም ጥላ ሆኖ አልጌዎቹ እንዲመለሱ ያግዛል። ጥናቱ የሚናገረው በባሕር ውስጥ ስለሚደርስ ጭንቀት እንጂ ስለ ሣጥን ጉዞ አይደለም። ለገበያችን ያለው ትምህርት ግን ግልጽ ይመስለኛል። በሱቁ ገንዳ ውስጥ ደምቆ የሚያበራው ሁሉ የተመቸው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ድምቀቱ የተጨነቀ አካል ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ትግል ሊሆን ይችላል። ሰምና ወርቅ ያሳደገን አንባቢዎች ነን። ሰሙ ሲያብረቀርቅ ከሥሩ ምን እንዳለ መጠርጠር ለእኛ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም።

በቋንቋችን ቀለም የሚለው ቃል ሥዕሉንም ጽሕፈቱንም ይይዛል፤ የተማረውንም ሰው ቀለም የቀሰመ እንለዋለን። የእነዚህ የባሕር ፍጥረታት ቀለም በሳይንስ እጅ በእርግጥ የጽሕፈት ቀለም ሆኗል። ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2008 ኦሳሙ ሺሞሙራን፣ ማርቲን ቻልፊንና ሮጀር ቼንን ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አብቅቷል። ቀዩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የሩሲያ ሳይንቲስቶች ዲስኮሶማ ከተባለ፣ በየገንዳው ከሚረባ የኮራል ዘመድ አግኝተውት ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች በእነዚህ ቀለሞች በሕያው ሴል ውስጥ ምልክት እየጻፉ ሥራውን ይከታተላሉ። እነርሱ የሚጽፉበትን ቀለም እኛ እንደ ጨርቅ ናሙና እያገላበጥን ዋጋ ብቻ ስንጠይቅበት ያስቆጫል።

የሚሞግቱኝ እንዳሉ አውቃለሁ። «ቀለሙ በጥቂት ወራት ይመለሳል፤ ደግሞም ይህ ንግድ የባሕር ዳር ሰዎች እንጀራ ነው፣ እንጀራቸው የሆነውን ባሕርም ይጠብቁታል» ይላሉ። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። በጥሩ ውኃና በትዕግሥት የተያዘ ኮራል ቀለሙን ሲመልስ በዐይኔ አይቻለሁ። ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ወጪ ንግዷን ስታግድ በባሕር ውስጥ ኮራል እያረቡ የሚተዳደሩት አብረው ታግደው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ለእርባታ ኮራሎች በሩ እንደገና የተከፈተው። ስለዚህ ንግዱ ይቅር አልልም። ነገር ግን «ይመለሳል» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ተረፉት ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። በመንገድ የቀረው ምስክርነት አይሰጥም።

ሕግ የለም ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው፣ ሳይተስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን በሁለተኛው ዝርዝሩ ይዟል፤ ሕያው ፍጥረት ሲላክም ለጉዳት፣ ለጤና መታወክና ለጭካኔ አያያዝ በማያጋልጥ መንገድ ተዘጋጅቶ እንዲጓዝ ያዝዛል። የፈቃዱ ወረቀት ግን ከጉዞው ሦስት ሳምንት በኋላ ምን እንደሆነ አያይም። ያን የሚያየው የገዛው ሰው ነው። ሕጉ የሚቆምበት ቦታ ላይ የገዢው ዐይን ሥራውን ይጀምራል።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ሻጭ ኮራሉን በነጭ ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሣው፤ በሰማያዊ መብራት ሥር የተነሣ ሥዕል የፍጥረቱን መልክ ሳይሆን የመብራቱን ጉልበት ያሳያል። ገዢ ከዋጋው በፊት ስንት ቀን በከረጢት እንደቆየና በሱቁ ስንት ሳምንት እንዳረፈ ይጠይቅ። ከሁሉ አስቀድሞ በአቅራቢያው በሌላ ሰው ገንዳ ከአደገ ኮራል ተቆርጦ የተተከለውን ይምረጥ፤ አጭር መንገድ የሄደ እንግዳ በቀላሉ ይለምዳል። ከሩቅ የመጣውን ደግሞ በደብዛዛ ብርሃን ያሳርፈው፣ መብራቱንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምርለት፣ እስከዚያው በቀለሙ አይፍረድበት። እኛ የደከመን እንግዳ እግሩን አጥበን፣ አብልተን፣ አሳርፈን ነው ጉዳዩን የምንጠይቀው፤ ለዚህም ፍጥረት ከዚህ ያነሰ ወግ አይገባውም።

ነገሩ ከሳሎን ገንዳ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ወር ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራሎች መንጣት መድረሱን አስታውቀዋል፤ በዚያ ምንም ጉዞ ሳይኖር ባሕሩ ራሱ እየሞቀ በቤታቸው ሳሉ ያስጨንቃቸዋል። ያን ነጭ ባሕር ሄዶ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። በቤቱ አንዲት ቁራጭ ይዞ ቡናማውን ከነጩ፣ ነጩን ከሟቹ፣ ድምቀቱን ከጤናው መለየት የለመደ ሰው ግን ዜናውን ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንባቢ ከሌለው የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነውና፣ ይህን ጽሕፈት የሚያነቡ ዐይኖች እንዲበዙ እመኛለሁ።