ቦይለር ሲገዛ የሚዘነጋው ወጪ

በካፋ ዞን ከቡና የተገኘ ገንዘብ መዳረሻው ብዙውን ጊዜ ቤት ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ እንግዳ ተቀብሎ ማሳደር ራሱን የቻለ የንግድ መስክ ነው። በቦንጋም ሆነ በጨና ወረዳ ዋና ከተማ በዋጫ፣ ጠዋት ሙቅ ሻወር የሌለው ፔንሲዮን እንግዳ ማቆየት ይቸግረዋል። ቦይለር የሚገዛውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ገዢው የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ዋጋውን ብቻ ነው። የሞቀው ውሃ የት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 1.3 ሊትር ያህል ትርፍ ውሃ ይፈጠራል። ውሃ ተጨምቆ አይጠብም፤ ብረቱም አይለጠጥም። ስለዚህ መውጫ ያስፈልገዋል።

ውሃው ከጣራ ላይ ካለ ሮቶ በራሱ የሚወርድበት ቤት ነገሩ ቀላል ነው። መመለሻውን የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ከሌለ ትርፉ በመጣበት ቧንቧ ወደ ሮቶው ይመለሳል። ቼክ ቫልቭ ካለ ደግሞ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ይንጠባጠባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የቫልቩ ሥራ ነው። ወለሉን አረጠበ ተብሎ የሚደፈን ቫልቭ ግን አደጋ ነው። ቴርሞስታቱ የተበላሸ ዕለት ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ጠብታውን በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ መምራት ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ቤት ኤክስፓንሽን ታንክ መሸጥ ገዢውን ያላስፈላጊ ወጪ ውስጥ መክተት ነው።

ታንኩ የሚያስፈልገው ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ በቼክ ቫልቭ ለሚገባበት ፔንሲዮንና ሆቴል ነው። እዚህም ትልቅ መግዛት ብልህነት አይደለም። የመስመሩ ግፊት 3 ባር፣ የሴፍቲ ቫልቩ መክፈቻ 6 ባር ከሆነ ለ80 ሊትር ቦይለር ባለ 5 ሊትር ታንክ ይበቃል። ከመጠኑ ይልቅ ሊጤኑ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የውስጡ ጎማ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለቤት ማሞቂያ የተሠራው አይሆንም። ሁለተኛ፣ የአየሩ ግፊት ታንኩ ከመገጠሙ በፊት ከመስመሩ ግፊት ጋር መስተካከል አለበት፤ ይህም በጎሚስታ መለኪያ የሚሠራ ነው። ሦስተኛ፣ ቦታው በቀዝቃዛው መስመር፣ በቼክ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል ነው።

ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ዋጋ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ነጋዴው ቦይለሩን ከነሴፍቲ ቫልቩ አንድ ዕቃ አድርጎ ቢሸጥ፣ ውሃው ከሮቶ ይሁን ከፓምፕ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ትርፉ አይቀንስም፤ ደንበኛውም ይመለሳል። ገዢውም ቢሆን ለቫልቭ የሚከፍለውን ጥቂት ብር ቆጥቦ ቦይለሩን፣ ከዚያም አልፎ የእንግዳውን ሕይወት ማስያዝ የለበትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ቁጠባ ነው።