ውሉ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሥራ ተሰጥቶታል። የሚሠራበት የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እዚያ ወዳለው ቢሮው ሊያዛውረው ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አብረውት ይሄዳሉ፤ ትልቋ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ ትንሹ ገና ይድሃል። ወሬው ከተሰማ ወዲህ እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን በሚባለው ሰፈራችን ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሳው ይኸው ነው። ደሞዙ ይነሳል፣ የቤት ኪራዩ ይነሳል፣ ብርዱም ይነሳል። ከሁሉ በፊት መነሳት የነበረበት ነገር ግን እስካሁን አልተነሳምና እዚህ አነሳዋለሁ። የሥራ ውሉን የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፤ ኑሮው የሚለወጠው ግን የብዙ ሰው ነው።

እሱን እዚያ የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው። ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል፣ አለቃው ስሙን ያውቃል፣ ቋንቋውን ይችላል፤ ከቤት ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድና ማን ሆኖ እንደሚሄድ አይጠፋውም። ሚስቱን የሚጠብቃት ባዶ አፓርታማና ሁለት ሕፃናት ናቸው። እዚህ ነርስ ናት። ክፍሏ ውስጥ አዲስ ነርስ ሲመጣ የምታሠለጥነው እሷ ናት፤ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አረጋውያን ሲተኙም የምትጠራው እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ግን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍና የግዛቱን የሥራ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይላል። የትምህርት ማስረጃው ይተረጎማል፣ ይመረመራል፣ ወራት ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ እሷ የማን ሚስት እንደሆነች ብቻ የሚያውቅ አገር ውስጥ ትቀመጣለች።

የቪዛው ዓይነት ራሱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከአንድ ኩባንያ ቢሮ ወደ ሌላው የሚዛወር ሠራተኛ በኤል-1 ቪዛ ሲገባ የትዳር ጓደኛው መሥራት ይችላል። ኤች-1ቢ በሚባለው የገባ ሰው የትዳር ጓደኛ ግን፣ የግሪን ካርዱ ጉዳይ የተወሰነ ደረጃ ላይ ካልደረሰ በቀር፣ እንዲሁ መሥራት አይፈቀድለትም። በሁለት ፊደል ልዩነት አንዲት ባለሙያ ሴት ለዓመታት ቤት ልትውል ትችላለች። የእኛዎቹ በኤል-1 ነው የሚሄዱት። ይህን ለማወቅ ግን ሳምንታት ፈጀባቸው፤ እስኪጠይቁ ድረስ የነገራቸው አልነበረም።

የቤተሰቡ ሁሉ ኑሮ ይለወጣል የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከመጡት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን አንዷ ነኝ። ልጅ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጓዘ፤ ካረፍን በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ዓመታት ወሰደ። አባቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ አራሽ ነበር፣ በበጋ ደግሞ ይሸምን ነበር። እዚህ ካራቫን በሚባል ተንቀሳቃሽ ቤት ስንኖር መሬትም መወርወሪያም አልነበረውም። እኛ ልጆቹ ዕብራይስጡን በጥቂት ወራት ለቀምነው፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የምናነበው እኛ፣ ባንክ የምንገባው እኛ፣ ከአስተማሪ ጋር ስለ ራሳችን ጥፋት የምናስተረጉመው እኛው ሆንን። በአገሩ ሰው ተጣልቶ ሲመጣ ሽማግሌ ተብሎ የሚያስታርቅ ሰው፣ መታወቂያውን ይዞ የልጁን ከትምህርት ቤት መመለስ ይጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን እናቴን ይዤ ኩፓት ሆሊም ወደሚባለው የጤና ድርጅት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ምን እንደሚያማት ጠየቀኝ፣ እኔም ለእሷ ጠየቅኳት። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣቷ ይዛ እያጠፈች፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ቀስ ብላ ተናገረች። የሴት ሕመም ነበር፤ ለልጅ የሚነገር ነገር አልነበረም። ግማሹን ዋጠችው፤ የቀረውንም እኔ ቃሉን ስላላወቅኩት አጎደልኩት። የራስ ምታት ክኒን ተጽፎላት ወጣን። በ1990ዎቹ መጨረሻ አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች በየክሊኒኩ መቀመጥ ጀመሩና ብዙ እናቶች ከዚህ ተገላገሉ፤ እኔ ግን ዛሬም ሕፃን ልጅ ለወላጁ ሲያስተረጉም ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

የእህቴ ልጅ ጉዞ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ እሱ ደሞዝ ይዞ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ሲፈልግ የሚመለስበት ፓስፖርት ይዞ ነው የሚሄደው። ሆኖም አንድ ቤት ውስጥ ቋንቋውንና መንገዱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን የቤቱ ሚዛን መዛባቱ አይቀርም። ባንኩን እሱ ይከፍታል፣ የቤት ኪራይ ውሉን እሱ ያነባል፣ የልጁን ሐኪም እሱ ያናግራል። ሚስቱ በየቀኑ «ይህን ደውልልኝ፣ ያን ጠይቅልኝ» ማለት ይይዛታል። ከዚያ ልጅቱ እንግሊዝኛውን ከእናቷ ቀድማ ትይዘዋለች። እዚያ ደረጃ ከመድረሱ በፊት እሷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የራሷ ትምህርት፣ የራሷ የባንክ ካርድ፣ የራሷ መንጃ ፈቃድ ሊኖራት ይገባል። መኪና የሌለው ሰው በሜሪላንድ መንደሮች ወተት ለመግዛትም ሰው ይጠብቃል።

እናቴ ነገሩን የያዘችው በሌላ በኩል ነው። «በሱዳን መንገድ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው?» አለችው የልጅ ልጇን። ቤቱ ጸጥ አለ። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ካምፖች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። ከእነሱ መካከል የእናቴ ወንድም አለ። ለእሷ ኢየሩሳሌም በሰባት ትውልድ ጸሎት የተገኘች አገር ናት፤ ለደሞዝ ብሎ ከዚህ መውጣት አይገባትም። በ2024 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰው ከእስራኤል መውጣቱን የስታቲስቲክስ ቢሮው ሲናገር በራዲዮ ሰምታ ቀኑን ሙሉ አዝና ዋለች።

እናቴን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ለእንጀራ ብሎ መሄድን የጀመረው ይህ ልጅ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ስትቆረቆር አባቶቻችን በግንበኝነትና በአናጢነት ሥራ እየተጠሩ ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ ገብተዋል። አንጥረኛው ማረሻ ወደሚፈልግ ገበሬ፣ ሸማኔው ጋቢ ወደሚገዛ ገበያ ሲሄድ ኖሯል። አገር ከዱ ያላቸው የለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ያኔ የሚሄደው ዘመድ አዝማዱን ይዞ ነበር፤ በ1991 እንኳ አውሮፕላኑ አያቴን ሳይቀር ነው ያመጣት። አሁን የሚሄዱት አራት ብቻ ናቸው፤ የሚቀረውም ደግፎ ያቆማቸው ሰው ነው።

የእህቴ ልጅ ጉዳዩን በደንብ አስቦበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያዘጋጀውን የኤክሴል ሠንጠረዥ አሳይቶኛል፤ ኪራይ፣ ግብር፣ የጤና መድን፣ የመኪና ዋስትና፣ የመኪና ማቆሚያ ሳይቀር በየመደቡ ተጽፏል። እህቴ ግን የለችበትም። እህቴ በሳምንት አምስት ቀን ልጅቱን ጋን ከሚባለው መዋዕለ ሕፃናት ታመጣለች፣ ምሳ ታበላታለች፣ እናቷ እስክትመጣ ታጫውታታለች። ምራቷ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ትንሹ የሚያድረው እህቴ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። ልጇ ሚሉዊም በሚባለው የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ላይ በነበረባቸው ወራት ያንን ቤት የያዘችው እሷ ናት። ሁለት ደሞዝ ወደዚያ ቤት የሚገባው እሷ ስላለች ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ለሁሉም የሚጀምረው በአብዛኛው በአምስት ዓመት ነው፤ እዚህ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ጋን በነጻ ነው። ስለዚህ ለሁለት ልጆች የማቆያ ክፍያ ሲደመር፣ የእህቴም ጉልበት ሲተመን፣ ያ የሚያጓጓው የደሞዝ ጭማሪ ምን ያህል እንደሚተርፍ አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። ከጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ መሄዱን አልተወም፤ እኔም ተው አላልኩትም። አውቆ ከሄደ ይሂድ።

አሽዶድ እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ ያለባት ከተማ ናት። በ1956 ስትቆረቆር የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ወደቡ በ1965 ሥራ ሲጀምር ሰው ለሥራ ጎረፈ፤ ጆርጂያውያን መጡ፣ በ1990ዎቹ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች መጡ፣ እኛም መጣን። እዚህ ሰፈር አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት አሮጊቶች በየቋንቋቸው የሚያወሩት አንድ ታሪክ ነው፤ ሁሉም ሌላ ሰው ተከትለው ነው የመጡት።

ልጆቹ እዚህ ስላደጉበት ጦርነት ብዙ አልልም። አዛካ፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ሲጮኽ እዚህ መጠለያ ለመግባት 45 ሴኮንድ አለን፤ ልጅቱ ማማድ ወደሚባለው የቤት መጠለያ ክፍል መግባትን ከመናገር ጋር አብራ ነው የተማረችው። ለዚያኛው ጋን አስተማሪ ግን ይህን አስቀድመው እንዲነግሯት እፈልጋለሁ። የእሳት አደጋ መኪና ጮኾ ልጅቱ ጠረጴዛ ሥር ብትገባ፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ይኑር።

ተስፋ የማደርገው በቋንቋው ነው፤ ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል። እዚህ ልጅቱ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ የጋን ጓደኞቿ ሁሉ ዕብራይስጥ ስለሚናገሩ አማርኛ የአሮጊቶች ነገር ይመስላታል። የሚሄዱት ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው። እዚያ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ አማርኛ የሚሰማበት ካፌ፣ ከእሷ እኩያ የሆኑ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሞልተዋል። አጠገቡ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት አገልግሎት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕፃን ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሲያስፈልገው ነው፤ አሽዶድ ላይ ያላስፈለጋት አማርኛ እዚያ ለጨዋታ ሊያስፈልጋት ይችላል። ለዚህ ግን ወላጆቿ ከእስራኤላውያን ጋር ብቻ ተሰባስበው መቅረት የለባቸውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ቡና ጠጡ ሲላቸው ይሂዱ፣ እነሱም ይጥሩ።

ከአያት ጋር መነጋገሪያውም ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። እኛ ቤት ሰንበት ይከበራል፤ ዓርብ ልጅቱ ከትምህርት ስትወጣ እዚህ መሽቷል፣ እህቴም ስልክ አትነካም። እዚህ ሰንበት ሲወጣ እዚያ ገና ሰንበት ነው። በሥራ ቀን እነሱ ሲነቁ ይጣደፋሉ፣ ማታ ሲረጋጉ እኛ ተኝተናል። የሚቀረው እሑድ ነው፤ እነሱ ቁርስ ላይ ሲሆኑ እዚህ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እዚያም ሥራና ትምህርት የለም። እሑድ ለሌላ ነገር አይሰጥ ብዬአለሁ። ጥሪውም በአማርኛ ይሁን፤ ልጅቱ ቃል ብትስት አያቷ ታርማታለች።

«ሁለት ዓመት ብቻ» ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ልጅቱ አንደኛ ክፍል ልትገባ ትደርሳለች፣ ትንሹም አፉን በእንግሊዝኛ ይፈታል፤ ያኔ የሚወሰነው ውሳኔ ከዛሬው ይከብዳል። ረጅም ጊዜ ውጭ የኖረ ሰው በብሔራዊ መድን ድርጅቱ በቢቱዋህ ለኡሚ ዘንድ ነዋሪነቱ ሊቋረጥ፣ ሲመለስም የጤና አገልግሎት ለማግኘት መጠበቅ ወይም መክፈል ሊኖርበት ይችላል። ይህም አሁኑኑ ተጠይቆ በወረቀት ይያዝ።

ባለፈው ሳምንት ምራታችን ለኩባንያው የሰው ኃይል ክፍል ራሷ ኢሜይል ጻፈች። የቤተሰቡ የጤና መድን ካረፉበት ቀን ጀምሮ እንዲሠራ፣ የነርስነት ፈቃዷን የማውጫው ወጪ እንዲሸፈንላት፣ ለመጀመሪያው ዓመት በልጆች ማቆያ ክፍያ እንዲያግዟቸው፣ እህቴም በዓመት አንድ ጊዜ እንድትመጣ ቲኬት እንዲቆረጥላት ጠየቀች። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነበር። ኩባንያው ግን አልተቆጣም፤ ስለ መድኑና ስለ ፈቃዱ ወጪ እሺ ብሏል፣ የቀረውን አስበንበት እንመልሳለን ብለዋል። ሁሉም በውሉ ላይ ተጽፎ እስኪመጣ እንዳይፈርም ነግሬዋለሁ፤ እሱም እስከዚያ አልፈርምም ብሏል።