ጋቢ የተነጠፈላት ውሻ

ባለፈው እሑድ አንድ የቆዩ ወዳጄ ቤቴ መጥተው ነበር። ስማቸውን ልተወውና ጋሼ ልበላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው መቶ አለቃ የነበሩ፣ ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ቡናው ቀርቦላቸው ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳሉ ዓይናቸው ጥግ ላይ አረፈ። ጥጉ ላይ ውሻችን ተኝታለች፤ ከሥሯ ጋቢ ተነጥፏል።

«አንተ ሰውዬ!» አሉኝ ስኒያቸውን አስቀምጠው፤ «ጋቢ ለውሻ? ያውም እናትህ ፈትላ የላከችልህን?»

የምመልሰው አጣሁ። ጋቢው በእርግጥ የእናቴ ፈትል ነው። በማሽን እየታጠበ አልቋል፣ ዳሩ ተበልቷል፣ ግን ጋቢ ጋቢ ነው። ወለሉ ለክርኗ ስለሚጎረብጣት ነው ብዬ ላስረዳ ጀምሬ ተውኩት።

እንዲያው ለነገሩ፣ አንባቢዬ፣ እኔም ከጋሼ የተለየሁ አይደለሁም። ያደግኩት ውሻ በረንዳ እንኳ በማይረግጥበት ግቢ ነው። ሥራው በር መጠበቅ፣ ደመወዙ ትርፍራፊ። ሲያረጅ ምን ይሆን ነበር? ያረጀ ውሻ አይቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል። ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ማዘጋጃ ቤት በሌሊት የጣለውን መርዝ ያለበት ሥጋ በልቶ ጠዋት ቦይ ውስጥ ይገኛል። ጠያቂ የሌለው ሰው ሲሞት ደሙ ደመ ከልብ ሆነ የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ከልብ ውሻ ነው።

ይቺ ውሻ ወደ ቤታችን የገባችው በ2012 ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ለምና፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ከመጠለያ አንድ የላብራዶር ድቅል ቡችላ አስመጣችን። ስሟን ኩኪ አለቻት። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «ኩኩ ነው ያልሽኝ?» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ኩኩ ሆና ቀረች። «ውሻ ቤት ውስጥ? ወይ ጉድ!» ስትል የነበረችው እናቴ፣ ዓመት ሳይሞላ ከኛ ደህንነት ቀጥላ የኩኩን ትጠይቅ ጀመር።

ኩኩ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። አምና መገባደጃ ላይ ደረጃ መውጣት ተወች። የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ ዛሬ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እኔ ሰነፈች አልኩ፤ ባለቤቴ አረጀች አለች። ቆይቶ የኋላ እግሮቿ እንጨቱ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ይከፈቱባት ጀመር። ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

ኤክስሬይና የደም ምርመራ ስድስት መቶ አርባ ዶላር። (ይህን በብር አስልቼ ለአገር ቤት ሰው ለመንገር ድፍረቱ የለኝም።) በዳሌዋ መገጣጠሚያ አጥንትና አጥንትን የሚያለሰልሰው ሽፋን አልቆ እርስ በርስ ይፋተጋል። ሐኪሟ «እርጅና በሽታ አይደለም፤ ሕመሙ ነው በሽታው» አለችኝ። ውሻ እንዲህ ያለ ሕመም ሲይዘው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ይላል፣ ይተኛል፣ የሚያመውን ቦታ ይልሳል። እኔ ስንፍና ያልኩት እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሐኪም ቤት ቅርንጫፍ ሆነ። መጀመሪያ ያዘዘችው መድኃኒት ሳይሆን ክብደት መቀነስ ነበር። አርባ ስምንት የላብራዶር ቡችሎችን ይዞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተለ፣ በ2002 የታተመ ጥናት አለ፤ ከእኩያው ሩብ ያህል ያነሰ እየበላ ያደገው ውሻ፣ በመካከለኛ ስሌት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ተጨማሪ ዕድሜ አገኘ፤ የመገጣጠሚያ በሽታውም ዘግይቶ ነው የያዘው። እኛ ደግሞ በፍቅር ብዛት አወፍረናታል። የበዓል ሰሞን እንግዳው ሁሉ ከትሪው ቆንጥሮ ያጎርሳታል። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚሰብር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወጣችን ደግሞ ምንድነው? ሽንኩርት አይደለም እንዴ! ስንት ዓመት መርዝ እንዳጎረስናት እግዜር ይወቀው።

ክኒኗ ካርፕሮፌን ይባላል፤ ሪማዲል በሚለው ስሙ የሚያውቀው ይበዛል። ከምግብ ጋር ትወስዳለች፤ ጉበትና ኩላሊቷ በየጊዜው በደም ምርመራ ይታያል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ ሊብሬላ የተባለ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ። በ2024 መጨረሻ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ለሐኪሞች ደብዳቤ በመጻፉ፣ ተመካክረን በክኒኑ ጸናን። አንዲት የሰፈራችን ደግ ሴት «ምን አደከማችሁ፣ ግማሽ አድቪል ስጧት» ብለውን ነበር። እባካችሁ፣ ይህን እንዳታደርጉ። ለኛ ራስ ምታት የሚያስታግሰው ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ያጠፋል።

የቀረው የጉልበትና የብልሃት ሥራ ነው። ወለሉ ላይ ከርካሽ ሱቅ የገዛሁትን የስፖርት ምንጣፍ እየቆረጥኩ ከጥጓ እስከ ውኃዋ መንገድ አበጀሁላት። ጥፍሯ ሲረዝም አረማመዷን ያበላሻልና ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። ረጅም ጉዞ ቀርቶ በቀን አራት ጊዜ አጭር አጭር ሆነ። ለደረጃው የሐኪሟ ረዳት ጥሩ ዘዴ አሳየችኝ፦ የጨርቅ የገበያ ቦርሳ ጎንና ጎኑን ይቀደዳል፣ ከሆዷ ሥር፣ ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት ያልፋል፣ በሁለቱ ማንገቻ ከፍ ይደረጋል። ውሻይቱ በፊት እግሯ ትራመዳለች፤ አንተ የኋላዋ ትሆናለህ።

መጀመሪያ በዚህ ቦርሳ ሳወርዳት መሐል ደረጃ ላይ ቆምኩ። እኅቴ ናት ትዝ ያለችኝ። በ2021 እናታችንን እግሯ ሲከዳት፣ መቀነቷን ከኋላ ጨብጣ እንዲሁ ነበር ከአልጋ እስከ ደጅ የምታደርሳት። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር በመንገደኛ እጅ ባለ ጎማ መደገፊያ መላክ ነው። እናቴ መርቃኝ ተቀበለችና ነጠላዋን ትሰቅልበት ጀመር።

በማግስቱ ዓመት ሆስፒታል ስትገባ አልነገሩኝም። ስደውል «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ይሉኛል። ካረፈች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ስድስት የእድር ሰዎች በሬን አንኳኩ። ኩኩ የምታውቃቸውን ሰዎች ጮኸችባቸው፤ ጋሼ አንዱ ነበሩ። እኅቴን በኋላ ብጠይቃት «ብቻህን ነህ፣ ሥራ ላይ ነህ፣ እንዳትደነግጥ ብለን ነው» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ግን አልተውኩትም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ሐኪሟ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ ብላናለች፤ ደግ ቀንና ክፉ ቀን። ከእንጀራ መሸጫው ያገኘነው ካላንደር ኩሽና ተሰቅሏል፤ ካለፉት አሥራ አራት ቀናት ዘጠኙ ላይ ቀይ መስመር አለ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ምግቧን ትታለች። ሐኪሟ ክፉው ሲበዛ ደውሉልኝ ብላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶናል። ልጄ ደግሞ ሌላ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ፈተናዋ ደርሷል። ባለቤቴ «ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ ይነገራታል» ትላለች። ክፋት አይደለም፤ እናት ናት። ሳምንቱን ሙሉ ልጃችን ስትደውል «ኩኩ እንዴት ናት?» ትላለች፤ እኔም «ደህና ናት፣ ተኝታለች» እላለሁ። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኅቴ ይመስለኛል።

ጋሼ እሑድ ለመሄድ ሲነሡ ኩኩም የመውጫዋ ሰዓት ነበርና አብረን ወጣን። ቦርሳውን ከሆዷ ሥር ሳሳልፍ ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው አንዱን ማንገቻ ያዙ። አሥራ አራቱን ደረጃ ለሁለት አወረድናት። ሣሩ ላይ ስንደርስ ጉልበታቸውን እያሹ «የዚች መድኃኒት ለሰው አይሆንም?» አሉኝ። ስለ ጋቢው ደግመው አላነሡም።

ማታ ለባለቤቴ ነግሬ ለልጄ ደወልኩ። ካላንደሩን፣ ዘጠኙን መስመር፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣

«አሁን የት ነው የተኛችው? አያቴ ጋቢ ላይ?» አለችኝ።

«አዎን» አልኳት። ፈተናዋ ሰኞ ነው። ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ትገባለች።