ዘበኛው ያየውን ይንገረን

በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከቤታችን ደጃፍ የማይርቅ ነው። ይኸውም በየሠፈሩ የተመደበው ፖሊስ ስለ ወንጀልና ስለ ጸጥታ የሚያውቀውን ለነዋሪው ምን ያህል ይነግራል፤ ነዋሪውስ የሚያውቀውን ለፖሊስ ምን ያህል ይገልጣል የሚለው ነው። ነገሩ ለማንኛውም ሠፈር የሚሆን ቢሆን እንኳ፥ እኛ ይህን ስንጽፍ በዐይናችን ፊት ያለው ፉሪ ነው።

ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በቆመው ተራራ ስም የሚጠራ ቦታ ነው። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ ከለቡ፥ ከጀሞና ከሃና ማርያም ጋራ በቤት ተያይዟል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ መባሉን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ነዋሪው ከመሐል ከተማ የተነሣና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነው። ቤቱን ጨርሶ የገባ አለ፤ ግድግዳውን አቁሞ ገንዘብ ያለቀበትም አለ። ልጆች በአንድ ክፍል አብረው ይማራሉ፥ አባቶቻቸው ግን በስም አይተዋወቁም። እንዲህ ባለ ሠፈር ማታ በር ሲንኳኳ የመጣው ጎረቤት ይሁን እንግዳ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሳይጠናቀቅ የቆመው ቤትም ለክፉ ሰው መሸሸጊያ ይሆናል።

ፉሪን ከብዙ ሠፈሮች የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ስሙ ዛሬ በሁለት አስተዳደር መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ወገን በአዲስ አበባ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ወገን በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ከተቋቋመው ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆኖ በዚሁ በፉሪ ስም ይጠራል። የሁለቱ ፖሊስ አዛዥ ልዩ ልዩ ነው፤ መዝገባቸውም ልዩ ልዩ ነው። ሌባው ግን ወሰን አያውቅም፤ በዚህ በኩል የነጠቀውን ቦርሳ ይዞ በዚያ በኩል ለመግባት ጥቂት ርምጃ ይበቃዋል። የተነጠቀችው ሴት ወደ የትኛው ጣቢያ እንደምትሄድ ሳታውቅ መንገድ ላይ ከቆመች፥ ለሌባው ከዚህ የበለጠ ረዳት ከወዴት ይመጣለታል?

አባቶቻችን የዚህን ነገር ችግር በራሳቸው መንገድ ለመፍታት ሞክረው ነበር። ከብት በጠፋ፥ ቤት በተቃጠለ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ የሰማውንና ያየውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። ይህም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይውላል። መከር በደረሰበት ወራት ይህ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር ገበሬ የሆነ ያውቀዋል። የሥርዐቱ ጉድለት ብዙ ነው፥ ይመለስም አንልም። ነገር ግን አንድ ልብ የሚባል ነገር ነበረው፤ የጠፋው ምን እንደ ሆነ፥ መቼና የት እንደ ጠፋ አስቀድሞ በሁሉ ፊት ይነገር ነበር። ሰው ስላልተነገረው ነገር ሊመሰክር አይችልምና።

በዚያው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድም ነበር። ለአንድ ልጅ መድኀኒት አጠጥተው ራሱን ካሳቱት በኋላ ይለቁታል፤ ሲንገዳገድ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ስሙ ቀረ እንጂ ግብሩ ፈጽሞ ቀርቷል ብለን ግን ለመናገር አንደፍርም። ምንጩ ያልታወቀ ወሬ በስልክ ከቤት ወደ ቤት ሲሮጥ ውሎ በመጨረሻ በአንድ እንግዳ ሰው ላይ ሲያርፍ፥ የምናየው ያንኑ ራሱን የሳተ ልጅ ነው።

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በአዲስ ዓለም የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ለጤና ጥናት ወደ ሥፍራው የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፥ ልጆችን የሚጎዳ ክትባት ይሰጣሉ የሚል ወሬ ተነዛባቸውና በተቆጣ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። የገደሏቸው ሰዎች ለልጆቻቸው የፈሩ አባቶችና እናቶች ይሆኑ ይሆናል፤ ፍርሃታቸው ግን እውነተኛው ነገር ሳይደርሳቸው ቀድሞ በደረሰ ወሬ የተጫረ ነበር። ስለዚህ ፖሊስ ለሠፈር የሚናገረው ነገር ስርቆትን ለመከልከል ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ንጹሕ ሰውንም ከጎረቤቶቹ እጅ ያድናል። በፉሪ ያለው ሕዝብ እርስ በርሱ ገና ያልተዋወቀ ስለ ሆነ ይህ አደጋ ለእርሱ የሩቅ ታሪክ ሊሆን አይገባውም።

በወቅቱ የተነገረ እውነት እንዴት እንደሚጠቅም ደግሞ ከከተማችን አንድ ምሳሌ እናምጣ። ሿሿ የሚባለውን የስርቆት ዐይነት የማያውቅ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ዛሬ ጥቂት ነው። ሌቦቹ አንዱ ሾፌር፥ አንዱ ረዳት፥ የቀሩት ተሳፋሪ መስለው በሚኒባስ ይቀመጣሉ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲሳፈር፥ በሩ አልተዘጋም፥ ወደዚህ ጠጋ በል፥ እያሉ ያዋክቡታል፤ ስልኩን ወይም ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ምክንያት ፈጥረው አውርደውት ይፈተለካሉ። የአዲስ አበባ ፖሊስ በዚህ የተጠረጠሩ ሰዎችን በያዘ ጊዜ ስልቱን ጭምር ለሕዝብ ገልጧል። ስርቆቱ በዚህ ጠፋ አንልም። ነገር ግን ስልቱን የሰማች አንዲት ተማሪ፥ ያለ ምክንያት ሲገፏት፥ ያ የተነገረኝ ይህ ነው ብላ ቦርሳዋን ታጠብቃለች። ወንጀል በዛ ወይም ወንጀል ቀነሰ የሚለው ወሬ ብቻ ቢደርሳት ኖሮ ምን ይጠቅማት ነበር?

ፖሊስ ለሕዝብ መናገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ፖሊስና እርምጃው የተባለው ጋዜጣ ስለ ወንጀልና ስለ ፖሊስ ሥራ ለብዙ አንባቢ ሲያስታውቅ ኖሯል፤ በቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውን ፖሊስና ኅብረተሰብ የተባለውን ዝግጅትም ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየው ነበር። እነዚህ ግን ለአገር የሚናገሩ ናቸው። አንድ ሠፈር የሚፈልገው ስለ ራሱ መንገድ፥ ስለ ራሱ ድልድይ፥ ስለ ራሱ ጨለማ ጥግ የሚነግረውን ሰው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የሚባለው የፖሊስ አሠራር በከተማው ከተጀመረ ወዲህ በየቀጠናው ፖሊስ መመደቡም ለዚሁ ነበር።

በተገኘንበት አንድ የሠፈር ስብሰባ ያየነውን እዚህ ላይ እናንሣ። ስብሰባው በእሑድ ጧት በእድር ድንኳን የተደረገ ነው። ተናጋሪው ወጣት ፖሊስ ከወረቀት ላይ ረጅም ሪፖርት አነበበ፤ ስርቆት በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል፥ ድብደባ በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል አለ። ሕዝቡም እንደ ተለመደው ዝም ብሎ ሰማ። ያን ጊዜ አንዲት ባልቴት ተነሥተው፥ «ልጄ፥ መቶኛውን ለአለቆችህ አቆየውና፥ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት በየት በኩል ትምጣ? እርሱን ንገረኝ» አሉት። ሰው ሁሉ ሣቀ። ፖሊሱ ግን አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ፥ «እማማ፥ ከጅምሮቹ ቤቶች ኋላ ባለው በወንዙ መንገድ አትምጣ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ያሰጋል። መብራት የለውም፥ የተነጠቁትም ሰዎች የተነጠቁት እዚያ ነው» አለ።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ያውቅ ነበር። በሪፖርቱ ውስጥ ያልጻፈው ስላልተጠየቀ ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ቍጥር ብቻ ነበርና። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባዎች ለምን እንደሚሰለቹ ገባን። ለአለቃ የተዘጋጀ ቃል ለጎረቤት ሲነበብ ሰው ሊያደምጠው አይችልም።

ሁሉ ነገር ይነገር ማለታችንም አይደለም። ቦታውን፥ ሰዓቱንና ስልቱን መናገር አንድ ነገር ነው፤ የተጠረጠረን ሰው ስም እያነሡ በሠፈር መካከል ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥታችን በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። የእገሌ ልጅ ተይዟል የሚለው ቃል በዕለቱ ይነገራል፤ እገሌ ነጻ ሆኖ ተለቋል የሚለው ግን ጡሩንባ የሚነፋለት የለውም። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በሠፈሩ ሥራ የሚሰጠው ቀርቶ ሰላምታ የሚሰጠው ላያገኝ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ነዋሪዎቹ እንመለስ። ብዙ ሰው ያየውን የማይናገረው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ጠቋሚ ተብሎ መታወቅን ይፈራል። ለዚህ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 699/2003 ወጥቷል፤ ስለዚህ አዋጅ በሠፈር ስብሰባ ሲነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምተን አናውቅም። ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው። ሰው ሄዶ ያመለክታል፥ ቃሉ ይጻፋል፥ ከዚያም ወር አልፎ ወር ሲተካ አንድ ቃል አይመለስለትም። ሌባው ባይያዝ እንኳ፥ ፈልገን አላገኘነውም የሚል መልስ ቢሰጠው ሁለተኛ ጊዜ ያመለክት ነበር። መልስ የተነፈገ ሰው በሦስተኛው ጊዜ ዐይቶ እንዳላየ ያልፋል።

በፉሪና በሃና ማርያም ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ ላይ፥ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የተባሉ ቤቶች በዚህ አካባቢ ሲፈርሱ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከሞቱት መካከል ፖሊሶችም ነበሩ። የዚያን ጊዜ ልጅ የነበረው ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የደንብ ልብስ ሲያይ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ምን እንደ ሆነ ማንም ሊገምት ይችላል፤ ወንድሙን ያጣው የፖሊስ ቤተሰብም እንዲሁ የራሱ ኀዘን አለው። እንዲህ ያለ ቁስል በአንድ ስብሰባ አይሽርም። በስም የሚታወቅ ፖሊስ፥ ከዓመት ወደ ዓመት በዚያው መንገድ ሲመላለስ፥ የተናገረው ቃል እውነት ሆኖ ሲገኝ ግን ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ ይለዘባል። ይህም ስለ ሆነ ሠፈሩን የለመደውን ሰው ቶሎ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ትልቅ ጉዳት ይመስለናል።

ጃፓኖች በየሠፈሩ ኮባን የሚሉት ትንሽ የፖሊስ ቤት አላቸው። በዚያ የተመደበው ፖሊስ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ይጎበኛል፤ በሠፈሩ ስለ ሆነውና ሊጠነቀቁት ስለሚገባው ነገር የምትናገር አንዲት ወረቀትም ትታደላለች። የጃፓንን ሀብት እናምጣ አላልንም። አንዲት ወረቀት ግን ብዙ ገንዘብ አትጠይቅም። በወፍጮ ቤቱ በር፥ በታክሲው መቆሚያ፥ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብትለጠፍ እናቶችና የቤት ሠራተኞች ያነቧታል፤ ቀኑን ሙሉ ሠፈሩን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና፥ በእሑዱ ስብሰባ የሚገኙት አባወራዎች ግን ቀን ቀን በሠፈር የሉም። ወረቀቷም በአማርኛና በኦሮምኛ ትጻፍ፤ በፉሪ ከተማው ሳይመጣ የነበሩት ቤተሰቦች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፥ ሠፈሩንም ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በወሰኑ ጉዳይ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የሁለቱ ወገን ፖሊሶች በአንድ ድንኳን፥ በአንድ ቀን፥ በሕዝቡ ፊት አብረው ይቀመጡ፤ ወሰኑ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚያልፍ፥ በየትኛው በኩል የተበደለ ሰው ወደ የትኛው ጣቢያ እንደሚሄድ ያስረዱ። ተበዳዩ ሳያውቅ ወደ ሌላው ጣቢያ ቢሄድም፥ የእኛ አይደለም ብለው ከመመለስ ይልቅ ቃሉን ተቀብለው ራሳቸው ያስተላልፉለት። ይህ የሚቻል መሆን አለመሆኑን ለመናገር የሚችሉት እነርሱ ናቸው፤ ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ይጠየቁ።

እስከዚያው ድረስ በየቤቱ አንዲት ወረቀት ከበሩ ኋላ ትሰቀል። በአዲስ አበባ ወገን ላለ ሰው የፖሊስ ነጻ የስልክ ቍጥር 991፥ የእሳት አደጋ 939፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከነዚህ በታች የቀጠናው ፖሊስ ስም፥ የቅርቡ ጣቢያ ስልክና የእድሩ ዳኛ ስልክ ይጻፍ። በሸገር ወገን ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጣቢያ ቍጥር ጠይቃችሁ በዚያው ወረቀት ላይ ጨምሩ። ጽሕፈቱም ልጅ ሊያነበው የሚችል፥ ጎላ ጎላ ያለ ይሁን።